የሦስተኛው ፎቅ ስም ጥሪ

ሥራዬ ጡረታ የወጡ መምህራን አለመሞታቸውን ማረጋገጥ ነበር። ሰው ሲጠይቀኝ «ጡረታ ክፍል ነኝ» ብዬ አልፋለሁ እንጂ እንዲህ ዘርዝሬ አልናገርም፤ ነገሩ ግን ይኸው ነው። በዓመት አንድ ጊዜ፣ ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ሲደርቅ፣ በእኛ ቅርንጫፍ በኩል ጡረታ የሚቀበል መምህር ሁሉ ፒያሳ ወዳለው አሮጌ ሕንፃችን ይመጣል፤ ሦስት ፎቅ ይወጣል፤ ፊቴ ቆሞ ይታያል። ያልታየ ይታገዳል። ሞቷል የተባለ ይሰረዛል።

ሕንፃው ሊፍት የለውም። ደረጃው ከእንጨት ነው፤ እርከኑ ከፍ ከፍ ያለ፣ መደገፊያው የሚወዛወዝ። ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ሲወጡ አዳምጣቸው ነበር። አንደኛ ፎቅ ላይ ወሬያቸው ይቆማል። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ማሳል ይጀምራሉ። እኔ ዘንድ ሲደርሱ ለጭቅጭቅ የሚሆን ትንፋሽ አይተርፋቸውም። ደረጃውን እወደው ነበር፤ ይህን ደብቄ ሌላውን ባወራ ዋጋ የለውም።

አንድ ሰሞን የጣት አሻራ የሚያነብ ማሽን መጣልን። ለሌላው ጡረተኛ እሺ ብሎ ለመምህራኑ አሻፈረኝ አለ። ዕድሜ ልኩን ጠመኔ ሲይዝ የኖረ ጣት ልሙጥ ሆኖ ቀርቷል፤ ማሽኑ ላይ ቢያስቀምጡት ምንም አይታየውም። ባለሙያው ሦስት ቀን ሙሉ የሽማግሌ ጣት በሶፍት ሲጠርግ ከርሞ ማሽኑን አቅፎ ሄደ። ያኔ ነው የራሴን ዘዴ ያመጣሁት።

ዘዴው ስም መጥራት ነው። አርባ ሰው በአንድ ጊዜ አስገባለሁ፤ አግዳሚ ወንበር ላይ ይደረደራሉ። መዝገቤን ዘርግቼ፣ መስመር እንዳልስት የብረት ማስመሪያዬን ከስሞቹ ሥር እያንሸራተትኩ፣ «መምህር» የሚለውን ትቼ ስማቸውን ከነአባታቸው እጠራለሁ። የተጠራው ይነሳና «አቤት» ይላል። ቀና ብዬ የመታወቂያውን ፎቶና ፊቱን አያለሁ፤ ምልክት አደርጋለሁ፤ ይቀመጣል። ያረፈደ ውጭ ይቆማል። ስሙ ተጠርቶ ያልተነሳ ቀሪ ይሆናል።

መጀመሪያ ሰሞን ሳቁ። ሒሳብ ያስተምሩ የነበሩ አንዲት እናት «በሉ እንግዲህ፣ ተራው የእኛ ሆነ» ብለው ወንበሩን ሁሉ አሳቁት። እኔ አልሳቅኩም። «ዝምታ» አልኩ። አርባ ሽማግሌና አሮጊት ፀጥ አለ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

አለቆቼ ዘዴውን ወደዱት። ቀላል ነው፣ ወጪ የለውም፣ መብራት ቢጠፋም ይሠራል። ከየት አመጣሽው ብሎ የጠየቀኝ ግን የለም። ያመጣሁት ከአምስተኛ ክፍል ነው።

ከራስ መኮንን ድልድይ ሽቅብ የምንወጣ ልጆች የምንማርበት ትምህርት ቤት ነበር። አብራኝ አንድ ዴስክ ላይ የምትቀመጠው ልጅ እናት ድልድዩ አጠገብ ጎመንና ድንች ይቸረችሩ ነበር። እናቷ ወልደው የተኙ ሰሞን ልጅቷ መደቡን ልትጠብቅ ከትምህርት ቀረች። የክፍል ኃላፊያችን ስም ሲጠራ ከመዝገቡ ቀና የማይል ሰው ነው። እኔም ድምፄን ቀጠን አድርጌ በእሷ ፈንታ «አቤት» አልኩ። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ አራት ቀን። በአምስተኛው ቀን ቀና አለ።

ወደ ፊት ጠርቶ እጄን አስዘረጋኝ። የመታኝ በማስመሪያ ነው፤ በጠፍጣፋው ሳይሆን በጠርዙ። «ቁጠሪ» አለኝ። የእሱ ደንብ ነበር፤ ተመቺው ራሱ ይቆጥራል፤ ከተሳሳተ እንደገና ከአንድ ይጀመራል። ብርድ ነበር። ስድስት ላይ ትንሿ ጣቴ ቀጭ ስትል ሰማኋት። እስከ አሥር ቆጠርኩ። ጣቴ ከዚያ ወዲህ አልተቃናችም፤ ዛሬም ብዕር ስይዝ ከሌሎቹ ተገንጥላ ወደ ውጭ ታያለች።

ለጣቴ ይቅር ልለው እችል ነበር። ያን ጊዜ ያልተመታ ማን አለ። እሱ ግን እኔን መትቶ ሲያበቃ ተቀምጦ መዝገቡን ከፈተ፤ እኔ ያተረፍኩላትን አራት ቀን በቀይ ብዕር ቀሪ አደረገው። ከበፊቱ ጋር ሲደመር ከልኩ አለፈ ተባለና ልጅቷ ተሰረዘች። እናቷ ገና አራስ ሳሉ ነጠላቸውን አደግድገው መጥተው ለምነውት ነበር። «ደንብ ነው» አላቸው። እሷ መደቡ ላይ ቀረች፤ እኔ ተማርኩ። ሥራ ከያዝኩ በኋላ በድልድዩ ሳልፍ ስሜን ጠርታ «ነይ ጎመን ውሰጂ» ትለኛለች፤ እኔ ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ ከሌላ እገዛለሁ። በኋላ አካባቢው ሲነሳ እሷም ከነመደቧ ተነሳች፤ የት እንደገባች አላውቅም።

እንግዲህ እኔ ጡረታ ክፍል ተቀምጬ ሳለሁ የዚያ መምህር ፋይል ከሌላ ቅርንጫፍ ተዛውሮ እጄ ገባ። በዓመቱ ራሱ መጣ። አጭር ሽማግሌ ሆኗል፤ ሱፉ ተተኩሷል፤ ክራቫት አስሯል። አላወቀኝም። ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ፤ በልቤ ግን «አንተ» ነው፣ አሁንም ስጽፍ አንቱታው ከብዕሬ አልወጣ ብሎኛል። ቀኑ ኀሙስ ነበር። ስሙን ጠራሁ፤ ተነሳና «አቤት» አለ። ያልሰማሁ መስዬ ደግሜ ጠራሁት። «አቤት» አለ ድጋሚ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ሁለቴ እጠራዋለሁ፤ ጆሮዬ ደከም ያለ ይመስለዋል መሰለኝ፣ ድምፁን እያጎላ ይመልስልኛል። ማን እንደሆንኩ ነግሬው አላውቅም። ሳይነግሩት ይጥም ነበር።

ብቻውን አልነበረም የሚመጣው። አብረውት ያስተማሩ፣ ቁመታቸው መለል ያለ፣ ጂኦግራፊ አስተማሪ የነበሩ ባልንጀራ አሉት። አፍንጮ በር ነው የሚኖሩት። ፒያሳ አንዲት ካፌ ነበረቻቸው፤ ባንኮኒው ላይ ተደግፈው አንድ ማኪያቶ ለሁለት ሲጠጡ ስንቴ አይቻቸዋለሁ። የአንዱ ቀን ማክሰኞ፣ የሌላው ኀሙስ ነው፤ ግን ሁለቱንም ቀን ተያይዘው ይወጣሉ። አንዱ ሲጠራ ሌላው በሩ ላይ ቆሞ ኮፍያውን ይይዝለታል።

ድሮ አልጋ የያዘ ጡረተኛ ሲኖር ቤቱ ድረስ ሄደን እናየው ነበር። ያን ያስቀረሁት እኔ ነኝ። የአንድ ገጽ ማስታወሻ ጽፌ አቀረብኩ፤ ለሥራ አመቺ አይደለም፣ ለማታለል በር ይከፍታል አልኩ። እውነተኛው ምክንያት የሰፈር ውሻና ጭቃ ነው፤ ደግሞም ብሉልን ጠጡልን የሚሉ አዛውንት ልመና ሰልችቶኝ ነው። በምትኩ መምጣት የማይችል ሰው የሐኪም ቦርድ ማስረጃ እንዲያመጣ አደረግኩ። ማስረጃውን ለማግኘት ቦርዱ ፊት መቅረብ ያስፈልጋል። ከአልጋው መነሳት የማይችል ሰው፣ መነሳት አለመቻሉን ለማስመስከር ተነስቶ መሄድ አለበት ማለት ነው። የፈረሙት ሰዎች ይህን አላስተዋሉም። እኔ አስተውዬ ነበር።

ደንቡ ከወጣ በኋላ አንድ ዓመት፣ ማክሰኞ ዕለት የጂኦግራፊ መምህሩን ስም ጠራሁ።

«አቤት» የሚል ድምፅ ከኋላው ወንበር መጣ። ቀና ሳልል ዐወቅኩት። ስንት ዓመት ሁለት ሁለቴ ያስደገምኩት ድምፅ ነው።

ቀና አልኩ። የሱፍ ኮፍያ እስከ ቅንድቡ ደፍቷል፤ አፍና አፍንጫውን በማስክ ሸፍኗል። የለበሰው ካፖርት የባልንጀራው ነው፤ እጅጌው ጣቱን ውጦታል። የባልንጀራውን መታወቂያ ደረቱ ላይ ይዞ ቆሟል። ሕፃን እንኳ እንዲህ ሞኝ አይሆንም። ዕድሜውን ሙሉ በሰው ስም አቤት የሚሉ ልጆችን ሲይዝ የኖረ ሰው፣ ራሱ ሲሞክረው እንዴት እንደሚደረግ እንኳ አላወቀበትም።

«ወደ ፊት ይምጡ» አልኩት። መጣ። «ኮፍያውን ያውልቁ። ማስኩንም።» አወለቀ።

«እርስዎ ኀሙስ ነዎት። የዛሬው ሰውዬ የት አሉ?»

«ቤት ነው እሙዬ። እግሩ አልታዘዝ ካለ ወራት ሆነው። አፍንጮ በር እኮ ነው፣ ቅርብ ነው፤ አንድ ሰው ብትልኪ በዓይኑ አይቶት ይመለሳል።»

«ሞተው እንዳይሆን?»

«ኧረ በሕይወት አለ። ጠዋት አጥሚት አጠጥቼው ነው የመጣሁት።»

«ታዲያ በሰው ስም ለምን አቤት አሉ?»

ወለሉን አየ። «ቀላል መስሎኝ» አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ወንበሩ ላይ ያሉት እንዳይሰሙበት እየተሳቀቀ ነገረኝ። ባልንጀራው ልጅ የላቸውም፣ ሚስታቸው ሞተዋል፣ የሚበሉትም በዚህችው ጡረታ ነው፣ መድኃኒቱም የሚገዛው በዚህችው ነው። «እሷ ከቆመች እሱም ይቆማል» አለኝ።

ሰማሁት። ቃል በቃል ሰምቼዋለሁ፤ አልገባኝም ነበር ብዬ አላመካኝም።

«አምስተኛ ክፍል ያስተምሩ ነበር» አልኩት። «ለጓደኛዋ አቤት ያለች ልጅ ሲይዙ ምን ያደርጓት ነበር?»

ዓይኑን ጨበብ አድርጎ ፊቴን ፈለገው። ሊያስታውስ እየታገለ እንደነበር አይቻለሁ። «ስንቱን መታሁ እሙዬ» አለ። «አላስታውስም።»

አስታውሳለሁ ቢለኝ ምን እንደማደርግ አላውቅም። አላስታውስም ሲለኝ ግን ደሜ ፈላ። ቀኝ እጄን አንስቼ ጣቴን ፊቱ ላይ አቆምኩለት። ረጅም ጊዜ አያት።

«ስንት ነበር?» አለኝ።

«አሥር።»

የካፖርቱን እጅጌ ወደ ላይ ሰበሰበና ሁለት መዳፉን ዘረጋ። «ምቺኝ» አለ። «እኔን ምቺኝ። እሱን ግን አትሰርዢብኝ።»

ማስመሪያው እጄ ላይ ነበር። «ይቁጠሩ» አልኩት።

መታሁት። «አንድ» አለ፤ ቃል ሲያስጽፈን በነበረበት በዚያው ጥርት ባለ ድምፅ። «ሁለት።» እጁን አላሸሸም። «ሦስት።» የሽማግሌ መዳፍ ሥጋ የለውም፤ ብረቱ አጥንት ላይ ሲያርፍ ይሰማል። በአራተኛው ድምፁ ተናጋና መልሶ «ሦስት» አለ።

«ተሳስተዋል። ከአንድ።»

ከአንድ ጀመረ።

ያቆምኩት አዝኜለት አይደለም። ለሦስተኛው እጄን ሳነሳ ዓይኔ ወንበሮቹ ላይ አረፈ። ሁሉም ወለሉን ያያሉ። ልክ እንደኛ፤ አምስተኛ ክፍል ሆነን አንዱ ሲገረፍ ልክ እንደዚያ ነበር የምናየው። የተቃወመ የለም፣ የተነሳ የለም፤ አብዛኞቹ ገና አልተጠሩም ነበር። የሒሳቧ እናት ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ ጨብጠው፣ ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ አብረውት ይቆጥሩ ነበር።

ማስመሪያውን አስቀመጥኩ። እጆቹን እጅጌው ውስጥ ከተተ።

«እንግዲህ አይሰረዝም አይደል?» አለኝ።

«ቃል አልገባሁም» አልኩት። እሱ እያየ ከስማቸው ጎን «በሌላ ሰው የቀረበ፣ ሞቷል ተብሎ ይሰረዝ» ብዬ ጻፍኩ፤ ማኅተሙን መታሁበት፤ መታወቂያውንም ወሰድኩ።

ማኅተሙን አየ፤ እኔን አየ። «እሺ» አለ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ሥራ አስፈታሁዎት።» እሙዬ ቀረች፣ አንቺ ቀረች። ልጁ የምሆን ሴት ነኝ፤ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ግን ከአንቱ በታች ጠርቶኝ አያውቅም። ኮፍያውን በእጁ ይዞ ወጣ። ደረጃውን ሲወርድ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ቆሞ ረጅም ጊዜ እንደቆየ ሰማሁ። ቀጣዩን ስም ጠራሁ። «አቤት» አሉ።

ከወር በኋላ አንድ ቅዳሜ አፍንጮ በር ሄድኩ። ጸጸት አይደለም የወሰደኝ። ሞተው ባገኘኋቸው ብዬ ነው። በየለቅሶው ድንኳን፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ስማቸውን እሰማ እንደሆነ ጆሮዬን ጥዬ ሰንብቻለሁ። ሞተው ከሆነ ሁሉም ነገር ይስተካከላል፤ ማኅተሙም ልክ፣ ማስታወሻዬም ልክ፣ የመታሁትም እጅ የአጭበርባሪ እጅ ይሆናል። በዚህ ተስፋ ነው ዳገቱን የወጣሁት።

ግቢው ውስጥ ልብስ የምታሰጣ ሴት ክፍሉን አሳየችኝ። በሩ ገርበብ ብሏል። እሳቸው አልጋ ላይ ናቸው፤ ቁመታቸው ከአልጋው ተርፎ እግራቸው ከብርድ ልብሱ ወጥቷል። ራስጌያቸው ሬዲዮ፣ ሳህን የተከደነበት ምግብ፣ አንድ የመድኃኒት ካርቶን አለ። በሕይወት አሉ። ዓይናቸው እንደኔ ዓይን ያያል።

«ከጡረታ ነው የመጣሁት» አልኩ።

ፊታቸው በራ። «ያቺ የሦስተኛው ፎቅ ልጅ አንቺ ነሽ?» አሉኝ። «ነግሮኛል እኮ። ‹ይህን ደረጃ እንዳይወጡ፣ ባሉበት ቆጥሬያቸዋለሁ ይበሏቸው› ያልሽው አንቺ ነሽ? ተቀመጪ እንጂ፣ ምነው ቆምሽ።»

ተቀመጥኩ። እሳቸው ያወራሉ። ወሩ እንደወትሮው ገብቶላቸዋል፤ ባልንጀራቸው ከባንክ አውጥቶ አምጥቶላቸዋል። «ግማሽ ሆኗል ብቻ» አሉ፤ «ለሁላችንም ቆርጠውብን ነው አለኝ። ምን ይደረግ፣ የአገር ችግር ነው። መድኃኒቷንም አንድ ቀን እየዘለልኩ እወስዳለሁ፤ እንድትበቃኝ።» በማንም ላይ አልተቆረጠም። የአንድ ሰው ጡረታ ለሁለት እየተከፈለ መሆኑ እኔ ነኝ የገባኝ፣ ያውም ወዲያው።

«እጁ ላይ ግን በር ተዘጋበት» አሉ። «አብጦ ሰነበተ፤ ማንኪያ መያዝ አቅቶት እኔው ነበርኩ የማጎርሰው። በሽተኛ አስታማሚውን ሲያጎርስ አይተሽ ታውቂያለሽ?» ብለው ሳቁ።

ልወጣ ስል «ነይ ልመርቅሽ» አሉኝ። ተንበረከክኩ። እጃቸውን አናቴ ላይ ጭነው «እርጅናሽን ያሳምርልሽ» አሉ። «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣሽ። እኔን እንዳሰብሽኝ የሚያስብ ሰው ይስጥሽ።»

ዓይኔን በጨው አጥቤ «አሜን» አልኩ።

ሰኞ ስማቸውን ልመልስ ተነሳሁ። አይቻልም። የተሰረዘ ሰው በሰረዘው ሠራተኛ ቃል አይመለስም፤ ባለጉዳዩ ራሱ ቀርቦ ይታያል፣ ወይም ቦርድ ያረጋግጣል፣ ከዚያ የበላይ ኃላፊ ይወስናል። አንቀጹን ያረቀቅኩት እኔ ነኝ፤ አጻጻፉ ጠንካራ ነው ተብዬ ተመስግኜበታለሁ። አለቃዬ ደብዳቤዬን አንብቦ ፈገግ አለ። «ይህችን ደንብ አንቺ አይደለሽ ያመጣሻት?» አለኝ። እንግዲህ በተራዬ ደጅ ጠናሁ። ከቢሮ ቢሮ ላይ ታች አልኩ፤ ነገ ተመለሽ ተባልኩ፤ የሌላ ሰው ኮሪደር ላይ ቆሜ ዋልኩ።

አንድ አቋራጭ ነበር። አንድ ገጽ ወረቀት ይበቃው ነበር፤ «ሰውየው በሕይወት እንዳሉ ተነግሮኝ፣ አውቄ ሰረዝኳቸው፣ ባልንጀራቸውንም በሕዝብ ፊት መታሁ» ብዬ ብጽፍ፣ የሠራተኛ ጥፋት ይሆንና በሳምንት ይታረማል። እኔ እከሰሳለሁ፣ ምናልባትም እባረራለሁ። ለጡረታዬ ሁለት ዓመት ቀርቶኝ ነበር። ወረቀቱን አልጻፍኩም። «በመረጃ አያያዝ ወቅት በተፈጠረ ስህተት» ብዬ ጻፍኩ፤ ማን እንደተሳሳተ የማይናገር ዓረፍተ ነገር እንዴት እንደሚጻፍ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። የማንም ያልሆነ ስህተት ደግሞ የሚያስቸኩለው ሰው የለውም። ደብዳቤው ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ወራቱን ፈጀ።

አፍንጮ በር ተመልሼ አልሄድኩም። ምርቃቱን ፈራሁት። ባልንጀራቸውን ግን ከሩቅ አየው ነበር። ካፌያቸው ፈርሳለች፤ እሱ እዚያው አካባቢ አዲሱ የእግረኛ መንገድ ላይ ከተተከሉት የድንጋይ መቀመጫዎች አንዱ ላይ ፀሐይ ይሞቃል፣ ብቻውን። ሳየው መንገድ እሻገራለሁ።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ውሳኔው መጣ። በሕይወት ያሉ መሆናቸው ስለታመነበት ስማቸው ወደ መዝገብ ይመለስ፣ የታገደውም ይለቀቅላቸው ይላል። ደስ አለኝ፤ ከልቤ ነው ደስ ያለኝ። ስማቸውን ራሴ በእጄ ጻፍኩት፤ እንደዚያ ተጠንቅቄ የጻፍኩት ስም የለም። ሮጬ ሄጄ ላበስራቸው አሰብኩና፣ የስም ጥሪው ማክሰኞ ይደርሳል አልኩ።

ማክሰኞ አርባው ሰው ገባ። ከኋላው ወንበር ዳር እሱ ተቀምጧል። ቀኑ ኀሙስ ነው፤ ማክሰኞ ምን አመጣው? ኮፍያ የለውም፣ ማስክ የለውም፣ የራሱን ሱፍ ነው የለበሰው። ወዲያው ገባኝ። ለባልንጀራው አቤት ሊል ነው የመጣው፤ ያን ሁሉ ቀምሶም ዘንድሮም ሊሞክር ነው። እኔም እዚያው ወሰንኩ። ስማቸውን እጠራለሁ፣ ከመዝገቡ ቀና አልልም፣ እሱ አቤት ይላል፣ ምልክቴን አድርጌ አልፋለሁ። እንዲህ ቀላል ነበር ለካ። አምና በአንድ ደቂቃ ልጨርሰው እችል ነበር።

ስሞቹን እየጠራሁ ወረድኩ። ማስመሪያዬ ከስማቸው ሥር ደረሰች። ጠራሁ፤ ዓይኔን ከወረቀቱ አላነሳሁም።

ዝም።

ፈርቶ ይሆናል አልኩ። ድምፄን አለስልሼ፣ በዚያ ክፍል ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ «መምህር» የሚለውን ከፊት ጨምሬ ደግሜ ጠራሁ። አቤት በለኝ እያልኩ በሆዴ ለመንኩት። ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁና ቀና አልኩ።

ተነስቷል። እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሯል።

«የለም» አለ። «ሰኔ ላይ ቀበርነው። ቀሪ ያድርጉበት።»

እንደተማሪ ቁጭ በል እስኪባል ቆሞ ጠበቀ። የሒሳቧ እናት ቦርሳቸውን ጨብጠዋል፤ ሌሎቹ ወለሉን ያያሉ። ቁጭ ይበሉ ማለት የእኔ ፈንታ ነበር፤ አላልኩም። እሱም እንደቆመ ቀረ።